ክፍት ምንጭ፣ ዝግ ደጅ

ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ሥልጣን ሲጽፍ የኖረ ሰው ዛሬ ተነሥቶ ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም ልጻፍ ቢል «ምን አግብቶት?» የሚል አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው፤ ጉዳዩ ፖለቲካ ነው። ማን ይናገራል? የማን ቃል ይደመጣል? ድምፅ የሚሰጠው ማን ነው? ደንቡንስ ማን ያወጣል? እነዚህ ጥያቄዎች የሚነሡት በቤተ መንግሥትና በምክር ቤት ብቻ አይደለም። ዛሬ የሕክምና መረጃችን፣ መታወቂያችንና የቤተ መጻሕፍታችን መዝገብ በሶፍትዌር ላይ ተቀምጧል። ከሶፍትዌር ሠሪዎቹም ብዙዎቹ የራሳቸው ሪፐብሊክ አላቸው፤ ሕግም፣ ሹማምንትም፣ ምርጫም ያለው፣ አልፎ አልፎ ደግሞ «ደጉ የዕድሜ ልክ አምባገነን» የሚል ማዕረግ በቀልድም በቁም ነገርም የሚሰጥበት ሪፐብሊክ።

«ክፍት ምንጭ» የሚባለው ሶፍትዌር ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ፕሮግራም መጀመሪያ የሚጻፈው የሙያው ሰው ሊያነበው በሚችል ኮድ ነው። ብዙ የንግድ ኩባንያዎች ይህን ጽሑፍ በካዝና ቆልፈው ለገበያ የሚያወጡት ኮምፒውተሩ ብቻ የሚረዳውን ቅጂ ነው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ግኑ የተሰኘውን ሥራ ሲያውጅ ዓላማው ያንን ቁልፍ መስበር ነበር። ፕሮግራሙን ለፈለጉት ነገር መጠቀም፣ አሠራሩን መርምሮ መለወጥ፣ ቅጂውን ለጎረቤት ማካፈል፣ ያሻሻሉትንም ማሰራጨት የተጠቃሚው መብት ይሁን አለ። በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑክስን ይዞ ብቅ አለ። በ1998 ደግሞ «ክፍት ምንጭ» የሚለው ስም ወጣ። ዛሬ በኪሳችን የያዝነው የአንድሮይድ ስልክ ሳይቀር የቆመው በሊኑክስ ላይ ነው።

ነገሩ ከእኛም አገር ሩቅ አይደለም። የጤና ሚኒስቴር የአገሪቱን የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚሠራ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። የፋይዳ መታወቂያ የተገነባበት ሞሲፕም ሕንድ አገር ባንጋሎር ውስጥ የተጀመረ ክፍት ምንጭ ነው። እንግዲህ የእነዚህ ሥራዎች በር ለማን እንደተከፈተና ለማን እንደተዘጋ መጠየቅ የቅንጦት ጥያቄ ሊሆን አይችልም።

እኔ ኮድ አልጽፍም። ሙያዬ ቋንቋ ነው። ይሁንና ነጻነትን በሕግ ያወጀ ማኅበር ሳይ ልቤ ስለሚሳብ እነዚህን ማኅበረሰቦች ለዓመታት ከዳር ሆኜ ተመልክቻለሁ፤ አንዳንዴም ደጃቸውን አንኳኩቻለሁ። የታዘብሁት ነገር በአገራችን ፖለቲካ ከለመድነው ጋር ይመሳሰላል። መብቱ በወረቀት ላይ በወርቅ ቀለም ተጽፏል፤ በመብቱ ለመጠቀም ግን ከመብቱ በፊት ማወቅ ያለብህ ብዙ ያልተጻፈ ነገር አለ። ምንጩ ክፍት ነው ይሉሃል፤ እንስራህን ይዘህ ስትመጣ ግን መጀመሪያ ቧንቧ መዘርጋት ተማር ትባላለህ።

አንድ ገጠመኝ ላንሣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእነዚህ ማኅበረሰቦች አንዱ (ስሙ ይቆየን) በሠራው የቢሮ ፕሮግራም የአማርኛ ትርጉም ላይ እንከን አየሁ። የተጀመረን ነገር ትቶ ለመመለስ የሚጫኑት አዝራርና ፋይልን ጨርሶ ለማጥፋት የሚጫኑት አዝራር ሁለቱም «ሰርዝ» ተብለዋል። ነገሩን ያስተዋልሁት በራሴ ብልሃት አይደለም፤ አንዲት የቢሮ ጸሐፊ «ጋሼ፣ የትኛው ሰርዝ ነው ሥራዬን የሚያጠፋብኝ?» ብላ ስትጠይቀኝ ነው። ጥያቄዋ ሙሉ የባለሙያ ሪፖርት ነው። ችግሩን፣ የሚያደርሰውን ጉዳትና ጉዳቱ የሚደርስበትን ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጣዋለች።

ይህንኑ ለማኅበረሰቡ ጻፍሁ። የተሰጠኝ ቅጽ ትርጉሙን ባልተረዳኋቸው ጥያቄዎች የተሞላ ነበር። ከሳምንታት በኋላ የመጣው መልስ አንድ መስመር ነው፤ «የማስተካከያውን ኮድ ላክ» ይላል፤ ከሥሩም ወደ አንድ ረጅም መመሪያ ይመራል። ኮድ እንደማልጽፍ፣ ቃሉን ግን ልሰጣቸው እንደምችል፣ የመጀመሪያው «ተወው»፣ ሁለተኛው «አጥፋ» ቢባል ጉዳዩ እንደሚያበቃ አስረዳሁ። ዝምታ። ከወራት በኋላ ሰው ሳይሆን ማሽን መለሰልኝ፤ እንቅስቃሴ ስላልታየበት ጉዳዩ ተዘግቷል ይላል። አቤቱታዬ ተሰረዘ ማለት ነው፤ በየትኛው «ሰርዝ» እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ማንም ክፉ አልሠራብኝም። የመለሰልኝም ሰው ምናልባት ከቀን ሥራው በኋላ በበጎ ፈቃድ የሚደክም ወጣት ነው። ነገር ግን በሩ የተሠራው ለእርሱ ዓይነት ሰው መሆኑ ግልጽ ነው። የጎደለው እውቀት ደግሞ ያለው ከበሩ ውጭ ነው።

ጥቂት ምሳሌ ልጨምር። እንግሊዝኛ ሁሉን ሰው በአንድ ቃል ይጠራል፤ አማርኛ ግን አንተ፣ አንቺና እርስዎ ይላል። ስለዚህ የሰባ ዓመት ባልቴት ስልካቸውን ሲከፍቱ «የይለፍ ቃልህን አስገባ» የሚል ትእዛዝ ይጠብቃቸዋል። ጾታቸውም ክብራቸውም በአንድ ቃል ሄደ። የእኛ ሰው የራሱን ስምና የአባቱን ስም ይዞ ይኖራል፤ ቅጹ ግን «የቤተሰብ ስም» ካልሞላህ አላሳልፍም ይላል። ጳጉሜን የምትባል 13ኛ ወር አለችን፤ አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ መዝገብ ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደን ሕፃን የት ያስቀምጠዋል? ከጧቱ ሁለት ሰዓት ስንል ማሽኑ ስምንት ሰዓት ይላል፤ መድኃኒት የሚወሰድበትን ሰዓት በዚህ ላይ ማሳሳት ቀልድ አይደለም። እነዚህን ነገሮች የሚያውቀው ማን ነው? የጤና ጣቢያ መዝጋቢዋ፣ የቀበሌ ሠራተኛው፣ የአማርኛ መምህሩ ናቸው። አንዳቸውም ፕሮግራመር አይደሉም። ማኅበረሰቡ እነርሱን ሳይሰማ የጻፈው ኮድ ምንም ያህል ቢራቀቅ የሚሠራው ለማይኖር ሰው ነው።

ይህ ምኞት ብቻ እንዳይመስል የሆነውን ላውሳ። በ1999 በኒውዚላንድ ሆሮዌኑዋ የተባለ ወረዳ ቤተ መጻሕፍት ችግር ገጠመው። የመጻሕፍት መዝገቡን የያዘው አሮጌ ሶፍትዌር 2000 ዓመት ሲገባ ሊቆም ነው። ውድ የንግድ ሶፍትዌር ከመግዛት ይልቅ የቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች ካቲፖ ከተባለ ትንሽ ድርጅት ጋር ሆነው የራሳቸውን አሠሩ፤ በጃንዋሪ 2000 ሥራ ጀመረ። ከዚያም ለዓለም በነጻ ለቀቁት። ስሙን ኮሃ አሉት፤ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው፤ ያውም ወሮታን የሚያስከትል ስጦታ፣ እኛ ውለታ እንደምንለው ያለ። ዛሬ ኮሃ በብዙ አገሮች ባሉ በሺዎች በሚቆጠሩ ቤተ መጻሕፍት ይሠራል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ኋላ የመጣው ነገር ነው። አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በኒውዚላንድ «ኮሃ» የሚለውን ስም የንግድ ምልክቱ አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ፤ በ2011 የአገሪቱ መዝጋቢ ሊፈቅድለት እንዳሰበ ተሰማ። ስሙን ለማስጣል ክርክር ተገባ፤ ከዓለም ዙሪያ መዋጮ መጣ። በዲሴምበር 2013 የኩባንያው ማመልከቻ ውድቅ ሆነ። በዚያ ክርክር ፊት ለፊት የቆመው አንድ የገጠር ወረዳ ቤተ መጻሕፍት ተቋም ነበር። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ከመጀመሪያው የቤቱ ባለቤቶች ስለነበሩ ቤቱ ሲነካ ዝም አላሉም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ይኸው ነው፤ ሁሉም ክር ግን አንድ ዓይነት መሆን የለበትም።

ሌላም አለ። ኖም የሚባለው የሊኑክስ ገጽታ ለረጅም ጊዜ ፕሮግራመሮች ለፕሮግራመሮች የሠሩት ነበር። በ2001 ሰን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያ ጥቂት ተጠቃሚዎችን ከፊቱ አስቀምጦ የት ላይ ግራ እንደሚጋቡ መዘገበ። ሠሪዎቹ በየቀኑ ሲያዩት የማይታያቸው እንቅፋት እንግዳው ሲደናቀፍበት ታየ። በ2002 የወጣው አዲሱ ኖም ለተራው ሰው እንዲቀልል ተደርጎ የተሠራ ሲሆን፣ ገጽታው እንዴት መሠራት እንዳለበት የሚያዝ መመሪያም ተጻፈለት። ከዚህ የምንማረው አለማወቅ ራሱ ዋጋ እንዳለው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ሰው ያለው ዓይን አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ዓይን ነው፤ ከለመደ በኋላ እርሱም እንደ ነባሮቹ እንቅፋቱን መዝለል ይጀምራል። ማኅበረሰቡ ይህን ዓይን ሳይጠቀምበት ካባረረው ሀብቱን ነው ያባረረው።

የማባረሩ ባህል ደግሞ ስም ያለው ባህል ነበር። ጥያቄ የሚጠይቅን ጀማሪ «መመሪያውን አንብብ» ብሎ ከስድብ ጋር መመለስ በእነዚህ ሰፈሮች እንደ ጀግንነት የተቆጠረበት ዘመን ረጅም ነው። ቶርቫልድስ ራሱ ለዓመታት በኢሜይል ሲሰነዝር በነበረው ኃይለ ቃል የታወቀ ነው። በሴፕቴምበር 2018 ግን በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ሳምንታት ከሥራው ገለል አለ፤ ሊኑክስም በዚያው ወር አዲስ የሥነ ምግባር ደንብ ተቀበለ። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ በ2004 የጀመረው ኡቡንቱ ስሙ ሰብአዊነትን የሚያመለክት አፍሪካዊ ቃል ሲሆን፣ እንዲህ ያለ ደንብ ከጅምሩ ነበረው። ደንብ ብቻውን ሰውን ጨዋ አያደርግም፤ ይህን ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ ሕዝብ የለም። ነገር ግን ደንብ በሌለበት የተሰደበው ሰው የሚጠቅሰው አንቀጽ የለውም።

በእኔ እምነት ከሁሉ የሚልቀው የዴቢያን ታሪክ ነው። ዴቢያን በ1993 የተመሠረተ፣ መሪውን በየዓመቱ በድምፅ የሚመርጥ፣ ሕገ መንግሥትም ያለው የሶፍትዌር ማኅበረሰብ ነው። ድምፅ የሚሰጡት አባላቱ ናቸው። ለብዙ ዘመን አባልነት የሚገኘው በዋናነት የሶፍትዌር ጥቅል አዘጋጅቶ በሚያቀርብ ሰው ነበር። ሲተረጉም፣ ሰነድ ሲጽፍ፣ ስብሰባ ሲያዘጋጅ የኖረው ሰው ይመሰገናል እንጂ ድምፅ አይሰጥም። በኦክቶበር 2010 አባላቱ ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው፣ ጥቅል ሳያዘጋጁ በሌላ ሥራ የሚያገለግሉ ሰዎችም ሙሉ አባል ሆነው እንዲመርጡ በሰፊ ድልድይ ተቀበሏቸው፤ በከፍተኛ ድምፅ ብልጫም ጸደቀ። ይህንን ሳነብ ርስት ለሌለውና ለሴቶች የምርጫ መብት የተሰጠበትን ዘመን ታሪክ ያነበብሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ፈገግ ብሎ መቀበል ደግነት ነው፤ ደግነት ደግሞ በባለቤቱ ፈቃድ ይሰጣል፣ በባለቤቱ ፈቃድ ይነሣል። ድምፅ መስጠት ግን መብት ነው። እንግዳው ቤተኛ የሚሆነው ቡና ሲቀዳለት ሳይሆን በቤቱ ጉዳይ ሲጠየቅ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። እነዚህን ፕሮግራሞች የሚጠብቁት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ጥቂት፣ ደካክመውም የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እንግዳ ሁሉ ደግ አይደለም፤ ሳይሠራ የሚያዝዝ ሞልቷል። ከዚህም የከፋ አለ። በማርች 2024 ኤክስዜድ በሚባል በብዙ ሊኑክሶች ውስጥ በሚገኝ መሣሪያ የተደበቀ ሰርጎ መግቢያ ተገኘ። ያስገባው ሰው ማንነቱን ደብቆ ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት ሲያገለግልና አመኔታ ሲያተርፍ ቆይቷል። ብቻውን ይሠራ የነበረውን ነባር ጠባቂ ሌሎች የማይታወቁ ስሞች «ቸልተኛ ነህ፣ ሥልጣንህን አካፍል» እያሉ ይጎተጉቱት ነበር። ነገሩ የተጋለጠው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ አንድ ሥራ በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን ተጠራጥሮ ስለመረመረ ነው። እንግዲህ በሩን ክፈቱ ስትል ሌባም ይገባል ቢሉኝ አልደነቅም።

ነገር ግን ታሪኩን በጥሞና እንየው። ያ ሰው የገባው በየትኛው በር ነው? «ኮድ ላክ» በሚለው በር ነው። ቤቱ እንግዳውን የሚመዝንበት ሚዛን አንድ ብቻ ስለነበረ፣ በዚያ ሚዛን የከበደ ሁሉ ያልፍ ነበር። ነባሩም ጠባቂ የደከመው ብቻውን ስለቆመ ነው፤ ጥያቄ የሚመልስለት፣ ሰነድ የሚጽፍለት፣ ጎትጓቾቹን «ቆይ፣ እናንተ ማን ናችሁ?» የሚልለት ሰው ከጎኑ አልነበረም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ኮድ የማይጽፉ ሰዎች በቤቱ ቢበዙ ነባሩ ሰው ያርፋል እንጂ ሸክም አይጨመርበትም። ለሁሉ ሰው የመጋዘኑን ቁልፍ ስጡ ያለም የለም። መደመጥ ሌላ፣ ቁልፍ መያዝ ሌላ።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱን ከሩቅ መፈለግ አያሻንም፤ እድራችንን እንመልከት። እድር ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ጥሩምባ ነፊ አለው። ድንኳን የሚተክል አለ፣ ወጥ የሚሠራ አለ፣ ከሐዘንተኛ ጋር ዝም ብሎ የሚያድር አለ። ድንኳን መትከል ስለማትችል አባል አይደለህም የተባለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። መተዳደሪያ ደንቡም ሲነበብ ሁሉ ይሰማዋል፤ የሚቀጣውም ሁሉን ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ማኅበረሰብ አጋፋሪ ይሹም። በጥንቱ ግብር ቤት እንግዳውን ተቀብሎ ቦታውን የሚያሳይ ሹም ነበር። አዲስ የመጣን ሰው በስሙ ጠርቶ «ምን ታውቃለህ? ምን ትወዳለህ?» የሚለው ሰው ያስፈልጋል፤ ይህም እንደ ኮድ መጻፍ ሁሉ ሥራ ተብሎ ይቆጠር። ሁለተኛ፣ ኮድ የማይጠይቅ በር ይሠራ፤ ችግርን በገዛ ቋንቋ፣ በተራ ቃል መናገር የሚቻልበት። ሞዚላ በ2017 የጀመረው የድምፅ ማሰባሰብ ሥራ ከሰው የሚፈልገው ዓረፍተ ነገር አንብቦ ድምፁን መቅዳት ብቻ ነው፤ አያትም ብትሆን ትችላለች። ሦስተኛ፣ ኮድ ላልሆነ ሥራም ክብርና ከተቻለ ክፍያ ይሰጥ። ዛሬ አውትሪቺ የሚባለው ከኖም ማኅበረሰብ የወጣ ፕሮግራም በሙያው ውስጥ ቦታ ላጡ ሰዎች የሦስት ወር ሥራ በክፍያ ይሰጣል፤ ሥራውም ኮድ ብቻ ሳይሆን ሰነድ ማዘጋጀትንና ንድፍንም ይጨምራል። ይህ ሁሉ የሚቻል ነገር ነው፤ የተደረገም ነገር ነው።

የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። የተማረው ከተሜ «ይህ የኮምፒውተር ሰዎች ጉዳይ ነው» ብሎ ሲቀመጥ እነዚያ ባላወቁት ቃል ይጽፉለታል፤ እርሱም በየቢሮው «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት አማርኛ ነው?» እያለ ያማል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይሉ የለም? ነርስ፣ መምህር፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ የሕግ ባለሙያ የሆናችሁ ሁሉ የምትጠቀሙበት ሶፍትዌር ክፍት ምንጭ መሆኑን ጠይቁ። ከሆነ ደጁ ላይ ቁሙና ያወቃችሁትን ተናገሩ። አንድ ጊዜ ቢዘጋባችሁ ደግሞ አንኳኩ። ደጃፉ ላይ የሚሰበሰበው ሰው ሲበዛ በሩን የሚሠራው አናጢ መለኪያውን ለመቀየር ይገደዳል።

ቸር እንሰንብት።